ያልተላቀቀ እጅ

ባለፈው ሳምንት በኮምቦልቻ ከብት ገበያ ሳልፍ፣ ሻጭና ገዢ በሬ መሃል አቁመው መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ ሰማሁ። ድምፁ ስምንተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዘመን መለሰኝ።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነበር። ደሴ ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩት፣ ጡረተኛው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጋሽ ማቴዎስ፣ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያስነብቡኝ ነበር፤ እኔም ያነበብኩትን ለእናቴ እነግራታለሁ። አንድ ቀን «ስትራይክ»፣ መምታት፣ የሚለው ቃል አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ ገጠመኝ። ከላይ አውሮፕላኖች ከተማ ይመቱበታል፤ ከታች «ስትራይክ ኤ ዲል» ተብሎ ሁለት መንግሥታት ይስማሙበታል።

«ጋሼ፣ በአንድ ቃል እንዴት ይመቱበታል፣ ይታረቁበታል?»

መዝገበ ቃላቱን አልከፈቱም። ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። እበትና እርጥብ አፈር እየሸተተን ከአንድ ወይፈን አጠገብ ቆምን። ነጋዴው ዋጋ ይጠራና የገበሬውን መዳፍ ጧ አድርጎ ይመታል፤ ገበሬው እጁን ይነጥቃል። እንደገና መታው፤ አሁንም ነጠቀ። የተጣሉ መስሎኝ ወደኋላ አልኩ። በሦስተኛው ግን እጃቸው ሳይላቀቅ ቀረ፤ ዋጋው ተቆረጠ።

«አየሽ?» አሉኝ ጋሽ ማቴዎስ። «አመታቱማ ያው ነው። እጁ ይዞ መቅረቱን ነው የምታዪው።»

«እነወንድሜ ያሉበት ጦርነትስ የትኛው ነው?»

ይዘውት የመጡትን ጋዜጣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይኼ የቆየ ጋዜጣ ነው፣ ልጄ፤ የዛሬውን አያውቅም።»

ዛሬም ያ ቃል ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ ቀጥሎ ያለውን ሳላነብ ትንሽ እቆያለሁ፤ ያን ቀን ከገበያ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠብቃ «ጋዜጣው ምን ይላል?» ስትለኝ እንደቆየሁት።