የብረት ጣውንቴ

በደሌ ይመዝገብልኝ። ባሌ የአንዲትን መርከብ ታሪክ ከእነቁጥሩ ያውቃል፤ የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችበትን ቀን ግን አንዴም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ድሮ ባሕረኛ ነበር። እኔ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ስኮተኩት፣ እሱ ቀይ ባሕር ላይ በሶቪየት ስሪት ሚሳይል ተሸካሚ መርከብ ያገለግል ነበር። ባሕሩ ከእጃችን ሲወጣ እሷ ማዶ ተሻግራ እዚያው ዝጋ ቀረች ይላል። እሱ ወደ እኔ መጣ። መጣ ከተባለ! እንግዳ በገባ ቁጥር ይጀምራል፤ "አራት ሚሳይል፣ በየጎኗ ሁለት ሁለት። ሦስት ሞተር። ከፊትም ከኋላም መድፍ። ወገቧ ቀጭን፣ ማዕበሉን ስትሰነጥቀው…"

ወገቧ! የእኔን ወገብ ማን ጠየቀ? እዚህ ሲደርስ ተነስቼ ወደ ማሳዬ እወርዳለሁ። ፎቶዋ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ የሠርጋችን ፎቶ ሳጥን ውስጥ ነው። ቤት ስወለውል እሷን ከእነአቧራዋ አልፋታለሁ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የግቢያችንን የብረት በር ዝገት በመዶሻ እያንኳኳ ያነሳና ግራጫ ይቀባዋል። መርከቧን እንደዚያ ነበር የሚንከባከባት። የእኔ ማድ ቤት ጣራ ያፈሳል። ዘንድሮ በተረፈው ቀለም በሩን ሁለተኛ ሲደግመው ባየሁ ጊዜ መረረኝና ሽማግሌ አስቀመጥኩ።

ሦስት ሆነው ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። ከጀውሃ የመጡት ሼህ፣ "እትዬ፣ ሌላ ሴት ያዘብዎ እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ፣ ያዘብኝ።"

"ማን ናት?"

"መርከብ ናት።"

ሼሁ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ወላሂ፣ ስንት ጣውንት አስታርቄያለሁ፤ ብረት ግን ገጥሞኝ አያውቅም! ትጠራ እንዴ?"

"ይሳቁ። እኔ የጠየቅሁት ፍርድ ነው። ለጥገና ከውሃ የወጣችበትን ቀን እንኳ ሳያውቅ አይቀርም፤ ልጄን ብቻዬን ያማጥኩበትን ቀን አያውቅም። ይመልስልኝ።"

ባሌ ቀለም በነካው እጁ ጋቢውን ሰብስቦ ቆመ።

"አንድ ቀን ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ሁለቱም። ጠዋት መርከቧን ከውሃ አወጣናት። ቀትር ላይ ከሥሯ ገብቼ ዝገት ሳንኳኳ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልህ የሚል ቴሌግራም ደረሰኝ። ፈቃድ ብጠይቅ፣ ሳትጠገን ወዴት? ተባልኩ። ቶሎ አልቆላት ልምጣ ብዬ እጄ እስኪላጥ አንኳኳሁ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁን እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን በቀላሉ የምለቅ አይደለሁም።

"ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

ከልቡ ተገርሞ አየኝ።

"እዚያ ሳልደርስ ተነስተሽ ትሄጃለሽ እኮ።"