ከፊት የሚይዘው ሰው

የሠፈሩ ዕቃ ተሸካሚዎች «ፊተኛው» ይሉታል። ቁም ሣጥን ይሁን ፒያኖ፣ ከባድ ዕቃ በሁለት ሰው ሲነሣ እሱ ሁልጊዜ የፊቱን ጫፍ ይዞ መንገድ መንገዱን እያየ ይሄዳል። «አንዴ እንኳ ከኋላ ብትይዝ ምን ትሆናለህ?» ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሥራ ላይ የማይታማ ሰው ስለሆነ ማንም አጥብቆ አይከራከረውም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በዓለም ጦርነት ጊዜ ቃሬዛ ተሸካሚ ወታደር ነበር። ቃሬዛ ደግሞ ከፊት ያለው መንገዱን፣ ከኋላ ያለው የቁስለኛውን ፊት እያየ የሚሄድበት ሥራ ነው። እሱን የሚያስፈራው ደሙ አልነበረም፤ ከቃሬዛው ላይ ሽቅብ የሚያየው ዓይን ነው። አብሮ አደግ ጓደኛው ይህን ሲያውቅ፣ «አንተ መንገዱን ያዝ፣ ወሬውን ለእኔ ተወው» ብሎ ኋላውን ወሰደ። ቁስለኛውን ሁሉ እያጫወተ፣ እየቀለደ ያደርስ ነበር። አንድ ቀን ግን እሱ ራሱ ሳይመለስ ቀረ።

በየዓመቱ ጦርነቱ ያበቃበት ቀን ሲከበር አደባባዩ በአበባና በንግግር ይጥለቀለቃል። ጄኔራሉ ከነፈረሳቸው በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። መቆማቸው አይከፋም፤ ግን ቃሬዛ ይዞ የቆመ ሐውልት የት አለ? ለቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አስታዋሽ ሆና የቀረችላቸው እናት ብቻ ናት። ፊተኛው በዚያ ቀን አደባባይ አይወጣም፤ የጓደኛውን እናት ለመጠየቅ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። የተቃጠለ አምፖል ይቀይርላቸዋል፣ የላላ መስኮት ያጠብቅላቸዋል። እሳቸውም ያንኑ ይጠይቁታል።

«ልጄ፣ እንዴት ሆኖ ነው የሞተው? አብረኸው ነበርክ አይደል?»

«አልተሠቃየም፣ እማማ» ይልና መዶሻውን ያነሣል።

በሆዱ የያዘው ነገር እንዳለ ያውቃሉ፤ እናት አይደሉ? ሳልሰማው እሞት ይሆን እያሉ ነበር የሚፈሩት።

አንድ ጠዋት እማማ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንሱ በጠባቡ መንገድ መግባት አቅቶት ከማዶ ቆመ። ፊተኛው ወሬውን ሰምቶ ከሥራ ጓደኛው ጋር እየሮጠ ደረሰና ቃሬዛውን ከአምቡላንሱ ተቀብለው ወጡ። እማማን አስተኝተው ሲያበቁ እንደ ልማዱ የፊቱን ጫፍ ሊይዝ ሲል፣ የሥራ ጓደኛው ከለከለው።

«ጉልበትህ የድሮው መሰለህ እንዴ? ደረጃ ሲወረድ ክብደቱ ያለው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው። ብትደናቀፍ እሳቸውን ይዘህ ነው የምትወድቀው!»

እውነቱን ነው። ፊተኛው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ያዘ።

እማማ በጀርባቸው እንደተኙ ሽቅብ ትክ ብለው አዩት። እንዳይሸሽ እጁ በቃሬዛው ተይዟል፤ ዞር እንዳይል ደረጃው ጠባብ ነው።

«አሁንስ የት ትገባለህ?» አሉት፣ በሕመም መሐል ፈገግ ብለው። «ንገረኝ። እኔም እንግዲህ መንገደኛ ነኝ።»

ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ ፊተኛው አቆማቸው።

«አላየሁትም፣ እማማ። ከፊት ነበርኩ» አለ። «ጥይት እየዘነበብን ቃሬዛው ከኋላዬ ቀስ እያለ ሲወርድ ተሰማኝ። ደክሞት ሊያርፍ መሰለኝና ተናደድኩ። ዞር እንኳ ሳልል፣ ‹አንተ ሰነፍ፣ ተነሥ!› ብዬ ጮህኩበት። ለካ ተመትቶ ነው። ቁስለኛው እንዳይጎዳ መጀመሪያ እሱን በቀስታ አስቀምጦ፣ ከዚያ ነው የወደቀው። ስዞር አልፏል። መጨረሻ የሰማው የእኔን ስድብ ነው።»

እንባው ብርድ ልብሳቸው ላይ ተንጠባጠበ።

የእማማ ደረት ይርገፈገፍ ጀመር። ፊተኛው የገደላቸው መስሎት ደነገጠ፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ ይስቁ ነበር።

«‹አንተ ሰነፍ፣ ተነሥ!›» አሉ። «እኔ እኮ በየጠዋቱ እንደዚያ እያልኩ ነበር የምቀሰቅሰው። ቤቱ ያለ መስሎት ይሆናል፣ ልጄ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው እጀታውን የጨበጠውን ጣቱን ነካ አደረጉት።

«በል አሁን አውርደኝ፤ ዳሌዬ እሳት ሆነ።»