የሚዛኑ አባት

ያ ነገር በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ ሱቅ፣ አንድ ሸሪክና ለማንም ያልተነፈስኩት አንድ ሐሳብ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቡ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ትኩሱን የደረሰኝ ወረቀት ተቀብዬ ባላሸተው ኖሮ አላነሳልህም ነበር። ያ ትንሽ ካውያ ካውያ የሚል ሽታ የሱቃችን ሽታ ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሀይሌ ጋርመንት፣ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ የከሰዓት ፀሐይ እስከ ውስጠኛው መደርደሪያ የምትገባባት ጠባብ ሱቅ ነበረችን። ያገለገሉ የደረሰኝ ማተሚያዎችና የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች እንሸጣለን። ዕቃው አሮጌ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ስለሚሆን አይግባቡም፤ የሚያግባባቸውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ሸሪኬ ይጽፋል። የኔ ሥራ ምላስ ነበር። ሥራ ሲበዛ አንዲት ልጅ ቀጠርን፤ እሱ የማተሚያውን፣ እሷ የሚዛኑን ያዙ። ስትጽፍ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ዕቃ የምደረድር መስዬ አያታለሁ።

ዕቃችንን የገዛን ያ የለቡ ሱፐርማርኬት በሚከፈትበት ዋዜማ ሁለቱን ድራይቨሮች አንድ ማሽን ላይ ጫንናቸው። ለየብቻ ያለ እንከን የሠሩት አብረው ሲገቡ ሁለተኛው አልነሳም አለ። ማሽኑ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ስም ተይዟል። ለካ ሁለቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ ሥራቸውን በሱቃችን ስም ሰይመውታል። ሱቁን ወደው!

«ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ቀይሪ» አለ ሸሪኬ።

«የኔን ነው ማሽኑ ቀድሞ የተቀበለው። ያንተ ማተሚያ እንደሆነ ሲሠራም ያቃስታል።»

«ስም መቀየር ከባድ ነው እንዴ?» አልኩ።

«የደቂቃ ሥራ ነው» አሉ ሁለቱም።

«ታዲያ?»

ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

ባለ ሱፐርማርኬቱ «ነገ ካልሠራ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውሰዱ» ብሎ ስልኩን ዘግቶብኛል። ዕቃው ከተመለሰ ሱቁ አለቀለት። ስለዚህ እንደ ሽማግሌ መሐላቸው በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሰፈር ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ቢኖሩ አንዱን ስምህን ጣል እንለዋለን? የሱቁ ስም ይቆይ፤ ሁለታችሁም የየአባታችሁን ስም ጨምሩበት።»

ሸሪኬ ሳቀና የአባቱን ስም ጻፈ። እሷ ግን እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

«አባቴ ልጄ ብሎኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ስሙን እዚህ አላስገባውም።»

ውጪ ወያላው «ጀሞ! ጀሞ!» ይላል። አባቴ በዚያው ዓመት ነበር ያረፈው፤ ከኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም።

«የኔን አባት ውሰጂ» አልኳት። «ሰው ሲጠራው ደስ ይለው ነበር።»

አየችኝ። ከዚያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠየቀችኝ ጻፈችው። ሚዛኑ ጢጥ ብሎ ዜሮ አሳየ።

ያን ማታ የልቤን ልነግራት ነበር። ሁለቱ የቀረውን ለማስተካከል ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔ ሳምቡሳ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ እየሳቁ ነበር፤ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ማስታረቅም ልክ አለው። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ፉሪ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ምላስ ብቻውን ሚዛን አያስነሳም፤ ሱቁን ዘጋሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ ስሜን ከነአባቴ ደረሰኙ ላይ አስገብታ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ የአባትዎ ስም ጠዋት ማሽኑን ስንከፍት የሚመጣው ስም አይደል? የማሽኑ ሰውዬ ዘመድዎ ነው?»

«የሚዛኑ አባት ነው» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ሂሳቡ ይኸው ነው። የወጣ፦ ሱቁ፣ ሸሪኬ፣ እሷ። የቀረ፦ ለቡ ውስጥ በየጠዋቱ የሚነሳ አንድ ስም።