የዙቤዳ በረንዳና አረንጓዴው ቀለም

ተፈቀደ! እሰይ! ዛሬ ጎባ ላይ፣ እኛ ጎረቤቶች መንገድ ዳር ቆመን በገዛ ጆሯችን ሰማን፤ ተፈቀደ! የማን ነገር እንደሆነ ሳልናገር እልል ማለቴ ነውር ነው፤ ግን ደስታ መቼ ወረፋ ይጠብቃል? የዙቤዳ ነው። የዙቤዳና የባሏ የከሊል።

በአሮጌው መንገድ ላይ ከጥድ ጣውላ የተሠራ፣ በረንዳው ሰፊ፣ የክዳኑ ጠርዝ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ቤት አለ። እሱ ቤት የእነሱ ነው። ከሊል ከጊኒር ቅቤና ማር እያመጣ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ይጣራል፤ «ኮታ፣ ታአ!» ኑ፣ ተቀመጡ ማለቱ ነው። አረፍ ሳይል ያለፈን ሰው ይቀየመዋል።

አምና ግን ግማሽ ጎኑን በሽታ ጣለው። አላህ ከሞት አተረፈው፤ ባለጎማ ወንበርም ተገኘለት። ያስቸገረው ደረጃው ነው። ከበረንዳው ወደ መንገድ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ጓሮው ደግሞ ገደል። አንድ ጁምዓ ጎረቤት ተሰብስቦ ወደ መስጊድ ሊያወርደው ሲሸከመው፣ ደረጃው መሃል ላይ «መልሱኝ!» አለ። «እኔ የእህል ጆንያ ነኝ?»

ከዚያ ወዲያ ከጓዳ አልወጣም። መንገድ ላይ ድምፅ ሲሰማ «ማነው ያለፈው?» ይላል፤ ዙቤዳ ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷን የፈጃት ይሄ ነው።

ስለዚህ ደረጃውን አፍርሳ የሲሚንቶ መወጣጫ ልታሠራ ቆረጠች። ነገር ግን በዚያ መንገድ ያለ ነባር ቤት፣ ከውጭ የሚታየው ፊቱ ሳይፈቀድ አይነካም፤ ይህንኑ የሚመለከት ኮሚቴ አለ። ሄዳ አመለከተች። «ማክሰኞ መጥተን ቤቱን እናያለን» አሏት።

መጥተን እናያለን! ይህን የሰማች ሴት ምን ታስባለች? እንግዳ ሊመጣባት ነዋ! ጊዜውም ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ቀለም የሚገዛበት ሰሞን ነበር። ጎረቤቷ አባይነሽ ደግሞ እሳቱ ላይ ላምባ ጨመረች።

«ዙቤ፣ በዚህ በጠቆረ ጣውላ ሰው ልትቀበዪ ነው? ለኢድ ጓዳሽን የምትቀቢ ሴት፣ ለሹማምንት ደጅሽን ትተዪዋለሽ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው በረንዳውን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ አደረጉት። ያውም የዘይት ቀለም! ከሊል ጓዳ ሆኖ ሸተተው።

«ሴትዮ፣ ሌላ ባል ልታገቢ ነው እንዴ?»

ከታመመ ጀምሮ ሲቀልድ የመጀመሪያው ነበር። ዙቤዳ ብሩሹን እንደያዘች አለቀሰች።

ማክሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው አቶ ኃይለልዑል መንገዱን እንኳ ሳይሻገሩ ደርቀው ቀሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«ወይዘሮ ዙቤዳ፣ ማን ፈቀደልዎት?»

«ምኑን?»

«ቀለሙን!»

«እንዴ! ለእናንተ ብዬ እኮ ነው!»

ከኋላ የቆመችው ወጣቷ ባለሙያ ቢፍቱ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው ግን ፈገግም አላሉ። የቤቱ ፊት ወደ ነበረበት ሳይመለስ የመወጣጫው ጉዳይ አይታይም ብለው ሄዱ። ዙቤዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ባሏን አወጣለሁ ብላ በገዛ እጇ የቆለፈችበት መሰላት።

የዘይት ቀለም ከአሮጌ ጥድ ላይ በውሃ አይለቅ፣ በላምባ አይለቅ። እንደ አናጺ በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ ግድ ሆነ። ጣቶቿ ቆሳሰሉ፤ በጨርቅ ጠምጥማ ቀጠለች። ከሊል ቀኑን ሙሉ የመፋቁን ድምፅ ሲሰማ ውሎ፣

«ተይው ዙቤዳ፤ ሰው ጓዳውም ውስጥ ይሞታል» አላት።

«አፍህን ያዝ! አንተ ሞት ስትቀጥር እኔ ጣውላ ልፋቅበት።»

እንዲህ ትበለው እንጂ፣ ለብቻዋ ስትሆን «ያ ረቢ፣ ባይፈቅዱልኝስ?» እያለች ትርበተበት ነበር።

አባይነሽም ስባሪዋን ይዛ መጣች። «እኔው አስቀብቼሽ እኔው ልፋቅ።»

«ፋቂ! ምነው ምላስሽም እንዲህ በተፋቀ!»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢፍቱ በዚያ ስታልፍ ቆም አለች። «እናቴ፣ ድንጋዩ ለምን ይፈርሳል? የማይቸነከር፣ በፈለጉ ጊዜ የሚያነሱት የእንጨት መወጣጫ ላዩ ላይ ቢጋደምስ? ብቻ ኮሚቴው በዓይኑ ካላየ አያምንም። ጣውላ አጋድመው ይጠብቁን።»

ዙቤዳም መደገፊያ ያለው ረጅም የእንጨት መወጣጫ አሠርታ ደረጃው ላይ አጋደመች። ይኸው ዛሬ መጡ። አቶ ኃይለልዑል በጥፍራቸው የጣውላውን ስንጥቅ ጫር ጫር አደረጉ።

«እዚህ ውስጥ አሁንም አረንጓዴ አለ።»

«እሱን ላውጣ ካልኩ እንጨቱም አብሮ ይወጣል።»

ሰብሳቢው መንገዱን ተሻግረው ከማዶ አዩ። «ይነሳ» አሉ፤ መወጣጫውን አነሳን። ጎንበስ ብለው ድንጋዩ መጫር አለመጫሩን ተመለከቱ። «ይመለስ» አሉ፤ መለስን።

«ሰውየው የታሉ?»

«አልወጣም!» አለ ከሊል ከውስጥ።

ዙቤዳ ገባች። «ማንም አይሸከምህም። ከኋላ የምይዝህ እኔ ነኝ፤ አንተ በደህናው እጅህ መደገፊያውን ያዝ።»

ጣውላው ሲጥ አለ። ጎማው መንገዱን ሲነካ ከሊል ዞሮ ቤቱን አየ፤ ከዚያ የሚስቱን ጣቶች አየ።

«ይህን ሁሉ ፍቀሽ?» አለ።

አቶ ኃይለልዑል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተፈቅዷል። አይቸነከርም፤ ቀለምም አይቀባም።»

«ቀለም? ወላሂ፣ ጥፍሬንም አልቀባ!»

አዛኑ ሲሰማ ከሊል ማንንም አልጠበቀም፤ «ግፊ እንጂ!» ብሎ ሚስቱን አጣደፋት። ቁልቁል ወደ መስጊዱ ሲወርዱ ከኋላ እያየሁ ነው። እህቱ ሞሚና ግን ሮቤ ናት፤ ገና ምንም አልሰማችም! ሚኒባሱ «ሮቤ! ሮቤ!» እያለ ነው፤ አንድ ሰው ነው የቀረው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ሄድኩ!