ካቻቢቴው በወንድሜ እጅ

መርከበኛው አጎቴ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ የላከልን እኔ አሥረኛ፣ ወንድሜ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ነው። ናዝሬት በአሰብ መንገድ ላይ ስለሆነች የእሱ ዕቃ በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ይደርሰን ነበር። ማጫወቻውን በአንድ ወደብ፣ ካሴቶቹን በሌላ ወደብ ገዝቷቸው ኖሮ አልተስማሙም። ካሴት ስንከትበት ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ የቴሌቪዥኑም መስኮት አብሮት ይበራል፣ ይጠፋል። ማጫወቻው የሌላ አገር ካሴት እንዳይቀበል ተደርጎ የተሠራ ነበር።

ከወራት በኋላ ከሾፌሮቹ አንዱ የክብሪት ቀፎ የማታክል ነገር ይዞ መጣ። የአጎቴን መልእክት በቃሉ ይዞት ስለነበር ለአባቴ ደጋግሞ ነገረው። "ውስጡ ጥግ ላይ ካሴቱን የምትከለክል ትንሽ ጥቁር ባለ ብዙ እግር አይሲ አለች። ይህችን እላይዋ ላይ መጫን ብቻ ነው፤ ጥርሶቿ የአይሲዋን እግሮች ይነክሳሉ። ብየዳ የሚባል ነገር አያስፈልግም።"

አባቴ በቤታችን ዕቃ ሲፈታ አይወድም። የግድ ሲሆንበት ካቻቢቴውን ከቁም ሣጥን አውጥቶ የሚሰጠው ለወንድሜ ነው። ሬዲዮ ሲበላሽ ለወንድሜ፣ የካውያ ገመድ ሲበጠስ ለወንድሜ። በፊዚክስ እበልጠው ነበር፤ አባቴም ይህን ያውቃል። የእኔ ድርሻ ግን ባትሪ ማብራት ነው። አንድ ቀን ካቻቢቴውን ለእኔ እንዲሰጠኝ የነበረኝን ጉጉት፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ አልረሳሁትም። ጌሙን መጫወትስ ብዙም አላጓጓኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ንፋሱ አቧራውን ስላስነሳው አባቴ የሚከፈተው ማጫወቻ ውስጥ እንዳይገባ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። ወንድሜ ብሎኖቹን ፈታ፤ እኔ አበራሁለት።

"ጓድ ባትሪ ያዥ፣ ዝቅ አድርጊ እንጂ! ጆሮዬን ነው እንዴ የምትጠግኚው?"

"እጅህ ከለለኝ።"

"የኔ እጅ እኮ ሥራ ላይ ነው።"

አባቴ ሳቀ። ወንድሜ ከቀለደው ይልቅ ያ ሳቅ አቃጠለኝ።

ወንድሜ አይሲዋን የሸፈነውን ስስ ቆርቆሮ አነሳና ትንሿን ዕቃ በአውራ ጣቱ ተጫናት። ቀጭ አለች። ክዳኑን ሳይገጥም ሞከረው፤ መብራቱ ሳይርገበገብ በራ፣ ሥዕሉም መጣ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "የኔ ኢንጂነር! በል ግጠመውና ጎረቤት ይጠራ።"

የአቦምሳዋ ጎረቤታችን "አካም ኦልተኒ" እያሉ፣ ደኅና መዋላችንን በኦሮምኛ እየጠየቁ ገቡ፤ የሠፈር ልጆችም ተከትለዋቸው ሳሎኑን ሞሉት። ወንድሜ ቆርቆሮውን መልሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ ማብሪያውን ተጫነ። ብልጭ ድርግም።

"ካሴቱ ነው" ብሎ እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጠረገው። ያው ነው። ክዳኑንና ቆርቆሮውን ሲያነሳ ይሠራል፣ ሲመልሳቸው ብልጭ ድርግም።

"ይቺ ሙሽራ ናት እንዴ? ዓይነ ርግቧ ካልተገለጠ አትስቅም?" አሉ ጎረቤታችን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ላቡ ወረደ፤ እኔን ደግሞ ደስ አለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፍተው ባትሪውን አስጠግቼ አየሁ። በትንሿ ዕቃ ጀርባ ላይ፣ በአንድ ጎኗ ብቻ፣ አዲስ ጭረት ነበር።

"ቆርቆሮው ነው" አልኩ። "አንድ ጎኗን ሲጫናት በሌላው ጎን ጥርሶቿ እግሮቹን ይለቃሉ።"

"አንቺ ደግሞ! ፋብሪካው ቆርቆሮውን ለጌጥ ነው ያስገባው?"

"ፋብሪካው ሲያስገባው እሷ አልነበረችም።"

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየና "ስጣት" አለው።

ወንድሜ ካቻቢቴውን አልሰጠኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አባቴ አንስቶ ሰጠኝ። እጀታው የወንድሜ ላብ ነበረበት፤ በቀሚሴ ጠረግሁት። ቆርቆሮውን አወጣሁ፣ ዕቃዋን በሁለቱም ጎን እኩል ተጫንኳት፣ ክዳኑን ገጠምኩ። አንዱ ብሎን ከእጄ አምልጦ ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ በስንት ፍለጋ ተገኘ። ማብሪያውን ስጫን መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ። ልጆቹ ጮኹ።

"አንቺ ጀምሪ" አለኝ አባቴ። ጀመርኩ፤ ጌሙ ውስጥ ያለው ትንሹ ሰውዬዬ መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ደግሜ ሞከርኩ፤ እዚያው ጉድጓድ ገባ። ወንድሜ ጓደኛው ቤት ተጫውቶ ያውቃል፤ መቆጣጠሪያውን ከእጄ ወስዶ ጉድጓዱን ዘለለ፣ ቀጣዩንም ዘለለ። ሳሎኑ አብሮት ይዘላል። "እጅህ ይባረክ!" አሉት ጎረቤታችን። የጠገንኩት እኔ፣ የተመረቀው የእሱ እጅ! ከሰው ጀርባ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን እንባ ሲሞላው ባትሪውን የማጠፋ መስዬ አጎነበስኩ።

አባቴ ቆርቆሮውን ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ይኼ ሳይኖር ሲሠራ አደጋ የለውም?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። "አይመስለኝም አባዬ" አልኩ፤ ከዚያ በላይ የማውቅ ለመምሰል ፈራሁ። "ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ትንሽ ይሥራና በእጃችን ዳስሰን ሙቀቱን እንየው።"

"እሺ፣ እንየው።"

ወንድሜ ሹክሹክታችንን ሰምቶ ዞረ። "ምንድን ነው የምትሉት?"

"አንተ ተጫወት" አለው አባቴ፣ ቆርቆሮውን ወደ እኔ እያስጠጋ።