ያልመለስኩት ተከላካይ

ሥራ አስኪያጅ ሲባል ሰው ትልቅ ወንበር ይመስለዋል። የእኔ ቢሮ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቆርቆሮ ሻጭ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም፣ ማሊያ የታጨቀበት ሦስት ጆንያ፤ በቃ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ስለሚጮህ ስልክ ማውራት አይቻልም። ክለባችን ትልቁ የከተማው ክለብ አልነበረም። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ የለም። ግን ደሞዝ የሚከፍል፣ በሊግ የሚጫወት ክለብ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት መራሁት።

ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ፊደልም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ስጽፍ እጄ ይከብዳል። የፒክአፕ ሹፌር ነበርኩ። ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጭኜ ወደ ከተማ አመላልስ ነበር። አንድ ቀን ክለቡ ሶዶ ላይ ጨዋታ ኖሮት መኪና አጣ። ኑ ውጡ አልኳቸውና ከኋላ ጫንኳቸው። ሜዳ ስንደርስ የሶዶ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ዓሣው መጣ! ቢላ አምጡ!» ብለው ሳቁብን። ሁለት ለባዶ አሸነፍናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጫዋቾቹ ፒክአፑን እንዳላጥበው ይለምኑኝ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሹፌር፣ ከዚያ ዕቃ ያዥ፣ ከዚያ ቡድን መሪ ሆንኩ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ጥሎ ሲሄድ ማኅተሙን የሚፈልግ ሰው ጠፋ። እኔ ተቀበልኩ።

ሌሎቹ ክለቦች ተጫዋች የሚያመጡት በደላላና በስልክ ነው። እኔ እንደዚያ አላውቅም። ከደጋ አንድ ልጅ ሲነገረኝ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እወጣለሁ። ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠየቅ አባቱን ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ። ወጣቱ አሠልጣኛችን ይስቅብኝ ነበር። «ጋሼ፣ ተጫዋች ነው የምናስፈርመው ወይስ ሙሽራ ነው የምናመጣው?» ይለኛል። «አንተ ወረቀት አስፈርም፣ እኔ አባት አስፈርማለሁ» እለዋለሁ። አባትየው ሲፈቅድ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይይዛሉ፣ ይመርቃሉ። እኔም አንድ ቃል እሰጣለሁ፦ ልጅህ ክለቡን የለቀቀ ቀን በእጄ ይዤ ደጅህ ድረስ አመጣዋለሁ። ይሄ የማንም ደንብ አይደለም፣ የራሴ ነው። ስንቱን መለስኩ። አንዳንዱን በእግር ጭምር፣ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ። የተመለሰ ልጅ እናት ቆጮና ዳጣ ስታቀርብልኝ እንደዚያ ጊዜ የሚጣፍጠኝ ምግብ የለም።

አንድ ብቻ አልመለስኩም።

የካምባ ልጅ ነበር፣ ተከላካይ። ከካምባ ከተማም አልፎ ወደ ላይ ነው አገሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኳስ በጭንቅላቱ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እንጨት በመጥረቢያ ሲመታ እንደሚሰማው ነው። አባቱን ስጠይቀው እንሰቱን እየኮተኮተ ነበር፤ ቀና ሳይል ሰማኝ። ሲጨርስ እጁን ጠርጎ፣ «ሁለት ልጅ አለኝ። ይሄኛው እጅ ነው፣ ያኛው አፍ ነው። እጄን ነው የምትወስደው» አለኝ። እመልሰዋለሁ አልኩ። ሣሩ ተያዘ። ወረድን።

ሦስት ዓመት ተጫወተልን። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላለመውረድ አንድ ጨዋታ ቀረን። ማሸነፍ አለብን። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ወጌሻችን ቢሮ ገባና በሩን ዘጋው።

«የልጁ ጉልበት ጥሩ አይደለም» አለኝ። «ውስጡ ተላቅቋል። አንድ ወር ካላረፈ ይበጠሳል።»

«ለአሠልጣኙ ነገርከው?»

«ላንተ ነው መጀመሪያ የነገርኩት።»

«እንግዲያስ ለማንም አትንገር» አልኩት።

ወጌሻው አየኝ። ደህና ሰው ነበር፤ ግን ሥራውን የሚሰጠው እኔ ነኝ። ወጣ። ልጁን አስጠራሁት። ጉልበቴን ያመኛል ጋሼ አለኝ። «ድካም ነው፣ ሲሞቅ ይለቅሃል» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሰው ቢጠይቀኝ ብዙ እመልስ ነበር። የሃያ ሦስት ተጫዋች እንጀራ ነው፣ ክለቡ ከወረደ ይበተናል፣ እያልኩ። እውነቱ ግን መውረዱን በስሜ መስማት አልፈለግሁም። ሌላ የለም።

አንድ ለባዶ አሸነፍን። ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተመታ ኳስ ሊያወጣ ዘለለ። ኳሱን አወጣው። ሲወርድ ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ደጋፊው ሜዳ ገብቶ እኔን ተሸከመኝ፤ እሱን በቃሬዛ አወጡት። በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ አየሁት። በሚቀጥለው ዓመት ለማንኛውም ወረድን።

ልጁ ሐኪም ቤት ቆየ፣ በዱላ መሄድ ጀመረ። ውሉ አለቀ። ኮሚቴው አናድስም አለ። የቀረው እኔ ይዤው ወደ ካምባ መውጣት ነው። አልወጣሁም። አባቱ ጉልበቱን አይቶ የሚጠይቀኝ ታወቀኝ። መልቀቂያ ወረቀት ጻፍኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ሲቀላ መናኸሪያ ወስጄ አውቶቡስ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ «ካምባ! ካምባ! አንድ ሰው ነው የቀረው!» ይላል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይመጡም?» አለኝ በመስኮት።

«ስብሰባ አለብኝ። ወረቀቱን ለአባትህ ስጥልኝ።»

ስብሰባ አልነበረብኝም። ቆርቆሮ ሻጩ ጋ ሄጄ እስኪመሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ልጁ ተመልሶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ሻንጣው እንዳለ ነው። አባቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ አይቶ፣ «ይሄ ማን ነው? እኔ ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው፣ ለወረቀት አይደለም» ብሎ መለሰለት። አላባረረውም። ይልቅ የእንግዳ ቦታ ላይ አስቀመጠው። ለእንግዳ የሚቀርበውን አቀረበለት። መኮትኮቻ ሲያነሳ ከእጁ ወሰደበት፤ እንግዳ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀው። አባትየው፣ ወሳጁ በእጁ ይዞ ያልመለሰው ልጅ ገና የወሳጁ ነው ብሎ ያምናል። እኔ እልኸኛ ነኝ እላለሁ፤ እንደዚያ ሰው ያለ አላየሁም።

ያኔ መሄድ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ክረምት ገባ፤ ክረምት ወጣ። ከዚያማ ለመሄድ ሳይሆን ላለመሄድ ለመድኩ። ክለቡ ፈረሰ። ልጁ ሲቀላ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። እግሩ እያነከሰ፣ ቆሞ መሥራት ስለማይችል ነው። እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣል። ሚስቴ ከሞተች በኋላማ ሌላ የሚመጣልኝ ሰው አልነበረም። «አባባ፣ ተነሡ» ይለኛል፤ ወደ ጫሞ ይወስደኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ድሮ ከፒክአፑ ጀምረው ያውቁኛል። ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «ሥራ አስኪያጅ! ዛሬ ስንት ዓሣ ፈረመልህ?» ይላሉ። እኔም፣ «የናንተ ዓሣ ሁሉ ተጎድቷል፣ አላስፈርምም» እላለሁ። ልጁ ይስቃል። ሲስቅ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል። ከባጃጁ ኋላ የክለቡን አርማ የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። ጉልበቱ የተበላሸው በዕድሉ እንደሆነ ነበር የሚያምነው። እኔም እንዲያምን ተውኩት። ስድስት ዓመት።

ባለፈው ዓመት ከበጋው መጨረሻ ላይ በአንድ እሑድ መጥቶ ባጃጁን ሳያጠፋ ቆመ።

«አባባ፣ አባቴ ታሟል። መሬቱን ሊያካፍል ነው። ወንድሜ ደወለልኝ።»

«እግዚአብሔር ይማረው።»

«ድርሻ የለኝም። ልጁ ገና አልተመለሰም ይላል፤ ለሌለ ሰው አላካፍልም ይላል። አባቴ እንዲህ እንዳለ ከሞተ ቤት የለኝም ማለት ነው።» ሞተሩን አጠፋው። «ይመልሱኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወገቤን አመመኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደጄ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ተነሣሁ።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሞቷል። ሌላው ጆሮው ከብዶታል፤ ግን የት እንደምንሄድ ሲነገረው፣ «ዘገየህ» አለኝ። በአውቶቡስ ካምባ ደረስን፣ ከዚያ ወደ ላይ በእግር። ሁለት ሽማግሌና አንድ አንካሳ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አይታወቅም።

አባትየው ደጅ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ዓይኑ ደክሟል። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ወሬው ቀድሞን ነበር። የልጁን እጅ ይዤ፣ «ልጅህን ይዤልህ መጥቻለሁ» አልኩት። ልጁን አቅርቦ ጉልበቱን ዳሰሰው። ቀስ አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች።

«ይሄ የሰጠሁህ እግር አይደለም» አለ።

ሽማግሌዬ ጮክ ብሎ፣ «ኳስ ነው! ኳስ ይሰብራል!» አለለት።

«ኳስ እንደሚሰብር አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ይሄ ሰውዬ ያውቅ እንደነበር ነው።»

የደጋው ሰው ጎሜ የሚለው ነገር አለ። የሠሩትን ጥፋት ሳይናገሩ ከያዙት ቤት ይገባል፣ ከብቱን ይጥላል፣ ልጁን ያሳምማል ይባላል። አባትየው የተደበቀ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ልጁን እንዲያስገባለት አይፈልግም። ሁሉም እኔን ያያል። ወጌሻው ሌላ አገር ሄዷል፣ ይሙት ይኑር አላውቅም። አላውቅም ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም። ልጁ እንኳ ይመሰክርልኝ ነበር። ከንፈሩን አየሁት፤ «አያውቁም ነበር» ሊል ከፍቶታል።

«አውቅ ነበር» አልኩ። «ወጌሻው ይረፍ ብሎኝ ነበር። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ድካም ነው ብዬ ያጫወትኩት እኔ ነኝ።»

ልጁ እጁን ከእጄ አወጣ። ቀስ ብሎ ነው ያወጣው፣ እንደሚነጥቅ አይደለም።

«ድካም ነው ብለውኝ ነበር» አለ።

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ሣር አመጡ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ያዙት፣ የተነገረው እዚህ ይቅር፣ ቤቱን አይከተል ብለው መረቁ። ለእኔም ጭምር መረቁ፤ ምርቃቱ ቀዝቃዛ ነበር ግን። አባትየው ልጁን፣ «ግባ» አለው። ልጁ እያነከሰ ወደ ቤት ገባ። ሲወጣ የመንገድ ጋቢውን አውልቆ ማስታጠቢያ ይዞ ነው የወጣው። የቤቱ ልጅ ሆኗላ። በእጄ ላይ ውኃ አፈሰሰልኝ። ፊቴን አላየም። ቆጮው መጣ፣ ዳጣው መጣ። በላሁ፤ አለመብላት ነውር ነው። ምን ምን እንደሚል አላውቅም።

አደርን። ጠዋት ልጁ መኮትኮቻ ይዞ ወደ እንሰቱ ሲሄድ በአጠገቤ አለፈ። ቆመ።

«መቼ ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«አሁን» አልኩት።

አባትየው ከሳምንታት በኋላ ማረፉን ሰማሁ። ልጁ ድርሻውን አግኝቷል፣ እዚያው ደጋ ነው ያለው። ባጃጁን ሸጠው። ሲቀላ ውስጥ አንዳንዴ አየዋለሁ፤ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ከኋላው ያለው አርማ ግማሹ ተልጧል። እሑድ ሲሆን እንደ ሞኝ ጫማዬን አድርጌ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ በእግሬ እወርዳለሁ። ጫሞ ድረስ አልደርስም፤ እግሬ የሚያደርሰኝ እስከ መናኸሪያው ነው።

ባለፈው እሑድ እዚያ ቆሜ ሳለ የአውቶቡሱ ረዳት ክንዴን ያዘኝ።

«አባባ፣ ካምባ ነዎት? አንድ ሰው ነው የቀረው!»

«አይደለሁም» አልኩት።