ከኋላ የተቀደደ መጽሔት

አክስቴ ቆቦ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። መጠቅለያ የሚሆናትን አሮጌ ወረቀት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአዲስ አበባ በጆንያ ያመጣላታል። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ወረቀት ካየሁ አያስችለኝም። ጆንያው በመጣ ቁጥር ከኋላዋ ቁጢጥ ብዬ እበረብራለሁ። «አንተ ሰው፣ አግባና የራስህን ቤት በርብር!» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከጆንያው ስለ ፊልም የሚጽፉ የእንግሊዝኛ መጽሔቶች ወጡ። የተዋናይ ሠርግና ፍቺ የሚያወሩ አይደሉም፤ የምር ቁም ነገረኞች ናቸው። አንዱ ጸሐፊ ካሜራው ለምን ወደ ክፍሉ ሳይገባ በር ላይ እንደቆመ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ሙሉ ይለፋል። ኧረ በአላህ! ይሄን ደግሞ ማን ያነባል ብዬ እየሳቅኩ፣ ሳላስበው ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ አለፍኩ። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከፊልሞቹ አንዱንም አላየሁም። ስልክ ላይ ፊልም የሚጭነውን ሰውዬ ጠይቄው ነበር። «ሕንድ ነው አክሽን?» አለኝ። «ቀስ የሚል ነው፤ ሰዎቹ ብዙ ዝም የሚሉበት» አልኩት። «እንዲህ ያለ የለንም። ቢኖርስ ማን ያስጭነዋል?» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። ያላየሁትን ፊልም ሌላ ሰው እንዴት እንዳየው ማንበብ የራሱ ጣዕም አለው። ጸሐፊው ዝናብ ሲል ከተራራው በኩል ወደ ማሽላው የሚወርደውን የኛን ዝናብ አስባለሁ፤ ጠባብ መንገድ ሲል ከገበያው ጀርባ ያለውን። በዚህ ዓይነት የሰው አገር ፊልም ሁሉ ቆቦ ላይ ሠርቼ ጨረስኩት።

ዓይኔም አብሮ ተበላሸ። መናኸሪያ ቆሜ ከሚኒባስ የሚወርድ ሰው ሳይ፣ ሊቀበለው የመጣው ሰው ከመሳቁ በፊት ምን ያህል ቆየ? ዕቃውን ነው ወይስ ፊቱን ነው መጀመሪያ ያየው? እያልኩ እፈዛለሁ። «መምህር፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ያሉኝም አሉ።

ችግሩ አንድ ነው። አክስቴ መጽሔት የምትቀድደው ከኋላ ነው። ከኋላ ሲቀደድ ገጹ አይሰነጠቅም ትላለች። ስለዚህ እኔ ስደርስ የጽሑፎቹ መጀመሪያ አለ፣ የብዙዎቹ መጨረሻ ግን በርበሬና ኮረሪማ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የፊልም ሐያሲ ጽሑፉን እንዴት እንደሚጀምር ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ወሎ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ከግቢያችን ቁርቁራ ዛፍ ጥላ አይርቅም። ታላቅ ወንድሜ በአፋር በረሃ አድርጌ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ ብሎ አንዴ ደወለ፣ በቃ፣ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስሙን ጠርቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቀው «አላህ ያውቃል» ይልና ወሬ ይለውጣል። እኛም ፈርተን ዝም አልን።

አንድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ሳነብ «ምን ይላል?» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ አለ፤ ልጁ ጠፍቶበት ወደብ ወዳለበት ከተማ ሊፈልገው ይሄዳል» አልኩት። የደነገጥኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። መጽሔቱን ልዘጋው ስል «ቀጥል እንጂ!» አለ።

ቀጠልኩ። ሽማግሌው ሰዎችን ሲጠይቅ ካሜራው ፊቱን አያሳይም፣ ከጀርባው ነው የሚከተለው። ጸሐፊው ለምን ከጀርባ ሆነ ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ይመራመራል። ይህንንም ተረጎምኩለት። አባቴ ፈገግ አለ። «ምን ያደክመዋል? ልጄን አይተሃል ወይ ብሎ ሰው መለመን ያሳፍራል። ከፊት ቢቆሙበት ሰውዬው አይጠይቅም ነበር» አለ። ጸሐፊው ይህን አላገኘውም። እኔም አላገኘሁትም።

ከዚያ ጽሑፉ «ወደ ገጽ ሰማንያ አራት ዞሯል» ይላል። በእጄ ያለው መጽሔት ሰባ ላይ አልቋል።

«ታዲያ አገኘው?» አለ አባቴ።

«ገጹ የለም አባ። አክስቴ ጠቅልላበታለች።»

«ፈልገዋ! ምን ትቀመጣለህ?» አለኝ። እንዲህ ቆጣ ብሎ ካዘዘኝ ስንት ዘመኑ!

አክስቴ ደንበኞቿን አትረሳም። ስለ ወደብ ከተማ የሚያወራ ገጽ ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ባሕር ያለበት ወረቀት? ለሮቢቷ ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ ጠቅልዬበታለሁ። ሥዕሉ ደስ ብሏት ነበር» አለች። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሮቢት ወረድኩና እየጠየቅኩ የሴትዮዋን ቤት አገኘሁ። ወረቀቷ አለች። ግን ግድግዳው ላይ በሊጥ ተለጥፋለች። ባሕሩ ወደ ቤቱ፣ ጽሑፉ ወደ ጭቃው። ወይ ጉዴ!

ሴትዮዋ ምን እንደምፈልግ ግራ ገባቸው። ስለ ፊልሙ ብነግራቸው አልገባ አላቸው። በመጨረሻ የወንድሜንም የአባቴንም ነገር ዘረገፍኩት። ሰምተውኝ ሲያበቁ ውሃ በጣሳ አመጡ። «እናቴ፣ ግድግዳዎ ይበላሻል» አልኳቸው። «ግድግዳ ምን ይሆናል ልጄ፣ ሌላ ይለጠፍበታል» አሉና ከጥግ ጀምረው ያረጥቡት ጀመር። በጥፍራቸው ቀስ እያሉ አላቀቁት። ግማሹ መስመር ጭቃው ላይ ቀረ፣ የመጨረሻው አንቀጽ ግን ተረፈ።

ሚኒባስ ውስጥ አነበብኩት። ሽማግሌው ልጁን አያገኘውም። አንድ የመጨረሻ ሰው ጠይቆ፣ ያም ራሱን ነቅንቆበት፣ መንገዱን ሲቀጥል ፊልሙ ያልቃል። ጸሐፊው «ደፋር አጨራረስ» ብሎ ያደንቃል። እኔም እኮ እንዲህ ያለ አጨራረስ ስወድ ነው የከረምኩት፤ በደስታ የሚያልቁትን ከጸሐፊዎቹ ጋር ሆኜ እንቃቸው ነበር። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ምን ያለበት ድፍረት ነው? የጸሐፊው ልጅ ቤቱ ተኝቶ! እስከ ቆቦ ድረስ የሚያገናኛቸው አጨራረስ ስፈጥር መጣሁ። አንዴ እስር ቤት ውስጥ፣ አንዴ መርከብ ላይ አገናኘኋቸው።

ግቢ ስገባ አባቴ በሩን እያየ ነበር።

«አገኘው?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ አቃተኝ። «አላገኘውም አባ።»

«ሽማግሌው ሞተ?»

«አልሞተም። እየሄደ ነው የሚያልቀው።»

ግንባሩን ቋጠረ። «ልጁን አላገኘ፣ እሱም አልሞተ። ታዲያ ምን አለቀና ነው ያቆሙት?»

የረጠበውን ወረቀት እንደገና አየሁት። ጸሐፊው ይህን አልጠየቀም። አባቴ ከዘራውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና የወንድሜን ስም ጠራ።

«ዋጃ ከተማ ከሳውዲ የተመለሱ አሉ ይባላል» አለ። «ነገ ውሰደኝ። እኔው ራሴ እጠይቃቸዋለሁ።»